የጂሚ ፔጅ አልበም፦ ሌድ ዜፕሊን በሙኒክ

የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊንን እወዳለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ቶሎ ብዬ የምጠይቀው ነገር አለ፦ «‹ፕረዘንስ› የተባለውን አልበማቸውን ከዳር እስከ ዳር ሰምተኸዋል?» አብዛኛው ሰው የመክፈቻውን ዘፈን ያውቀዋል። አራተኛውንም ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ስላለው ስጠይቀው ግን መልሱ «መሰለኝ» ይሆናል። አልፈርድበትም። አልበሙ የያዘው ሰባት ዘፈን ነው። ሁለቱ ከባንዱ ምርጥ ሥራዎች ተርታ የሚቆሙ ናቸው፤ አንዱ ብዙ ጆሮ ሳያስተውለው ያለፈ ታላቅ ሥራ ነው፤ በቀሩት አራቱ ላይ ደግሞ የሚበዛም የሚያንስም ቅሬታ አለኝ። ይህም ሆኖ፣ ባንዱ አብሮ በቆየባቸው ዓመታት ካወጣቸው ስምንት የስቱዲዮ አልበሞች አንዱን ብቻ ለይተህ አስቀር ብባል የማስቀረው እሱን ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሌሎቹ አልበሞች የአራት ሰው እጅ አለበት። ሮበርት ፕላንት ይዘፍናል፣ ጂሚ ፔጅ ጊታር ይጫወታል፣ ጆን ፖል ጆንስ ቤዝና ኪቦርድ ይዟል፣ ጆን ቦናም ድራም ላይ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸፍናል። ‹ፕረዘንስ› ላይ ሸክሙ የወደቀው በፔጅ ጫንቃ ላይ ነው፤ ከጎኑ ቦናም አለ። ዘፈኑ በጊታርና በድራም ብቻ መቆም የሚችል ሲሆን አልበሙ ባንዱ ከዚያ በፊት ያልደረሰበት ከፍታ ላይ ይወጣል። የድምፃዊውን ፈንጠዝያ ወይም የጆንስን ኪቦርድ የሚፈልግ ሲሆን ደግሞ ያነክሳል። ከፍታውም ዝቅታውም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት። ለዚህ ነው «ግማሹ ጥሩ፣ ግማሹ መጥፎ» የሚለው የተለመደ ፍርድ የማይዋጥልኝ፤ ሁለቱን ግማሾች የወለዳቸው አንድ ዓይነት ችግር ነውና።

ችግሩ የጀመረው ነገሩ ሁሉ በሞላበት ጊዜ ነው። በፌብሩዋሪ 1975 ‹ፊዚካል ግራፊቲ› የተባለው ድርብ አልበማቸው ወጣ። በሜይ ለንደን ውስጥ ኧርልስ ኮርት አዳራሽ አምስት ሌሊት ተጫወቱ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት ብዙ በሚያገኝ ሰው ላይ እጅግ ከባድ ግብር ይጥል ስለነበር፣ አባላቱ ከዚያ ዝግጅት በኋላ ከአገር ወጥተው ለመቆየት ወሰኑ። ፔጅና ፕላንት ሞሮኮን ዞሩ። ከዚያም ኦገስት 4 ቀን፣ ፕላንት ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት ከሄደባት ከግሪኳ የሮድስ ደሴት ክፉ ወሬ መጣ፤ የተሳፈሩበት መኪና ተጋጭቷል። የፕላንት ቁርጭምጭሚትና ክርን ተሰበረ፤ ባለቤቱ ለሞት የሚያሰጋ ጉዳት ደረሰባት። በዚያው ወር ሊጀመር የነበረው የአሜሪካ የሙዚቃ ጉዞ ተሰረዘ።

ፕላንት ዊልቼር ላይ ሆኖ ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ከረመ። ፔጅ እዚያው ሄደና ሁለቱ ተቀምጠው ዘፈን መጻፍ ጀመሩ። የአልበሙን ግጥሞች በዚህ መልክ ነው ማንበብ ያለብን። የጻፋቸው ሰው ገና 27 ዓመቱ ነው፤ መድረክ ላይ ካንዱ ጫፍ ወዳንዱ ጫፍ እየዘለለ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን እግሩ እንደ ድሮው ይሆን አይሆን እንደሆነ አያውቅም፤ ቤተሰቡም ርቆታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጆንስና ቦናም መጥተው ሆሊውድ ውስጥ ልምምድ አደረጉ፤ በኖቬምበር ደግሞ አራቱም ወደ ሙኒክ በረሩ።

ሙዚክላንድ ስቱዲዮ የሚገኘው ሙኒክ ውስጥ ባለ አንድ ረጅም የሆቴል ሕንፃ ምድር ቤት ነበር። ያቋቋመው ጆርጆ ሞሮደር ነው፤ በኋላ የዲስኮን ድምፅ የቀየረው እሱ ራሱ። ስቱዲዮው ጥሩ ነበር፤ የጠፋው ጊዜ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ቦታውን የያዙት ‹ብላክ ኤንድ ብሉ› የተባለውን አልበማቸውን ሊቀርጹ የሚመጡት ሮሊንግ ስቶንሶች ነበሩ። ፔጅ ተደራቢ ጊታሮቹን ለመጨረስ ከስቶንሶቹ ላይ የሁለት ቀን ጭማሪ መጠየቅ ነበረበት። ከመጀመሪያው ቀረጻ እስከ መጨረሻው ሚክስ (ድምፆቹን ማዋሃድ) ሥራው ሁሉ ያለቀው በ18 ቀን ነው። የድምፅ መሐንዲሱ ኪዝ ሃርዉድ ነበር፤ እሱና ፔጅ ስቱዲዮው ውስጥ ውለው ያድሩ ነበር።

ጊታር እጫወታለሁ፤ ለራሴና ለጓደኞቼ ያህል። ቤቴ ውስጥ በአንድ ዘፈን ላይ ሁለት ጊታር ደርቤ ለመቅዳት ስነሳ ምን ያህል ነገር እንደሚጣረስ አውቃለሁ፦ የመጀመሪያው በጥቂቱ ቀድሞ ይገኛል፣ የሁለተኛው ክር ይረግባል፣ ሦስተኛ ልጨምር ስል ሁሉም ተጨፍልቆ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ፔጅ የመክፈቻውን ዘፈን ተደራቢ ጊታሮች በአብዛኛው በአንድ ሌሊት መቅዳቱን ሳነብ ጊታሬን አስቀምጬ ዘፈኑን እንደገና ከፈትኩት።

ዘፈኑ ‹አኪሊስ ላስት ስታንድ› ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። አንድ ጊታር ከሩቅ እየተሽከረከረ ይመጣና ድንገት ቦናምና ጆንስ በፈረስ ግልቢያ ምት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ መቆም የለም። ጆንስ እዚህ ላይ የተጠቀመው ባለ ስምንት ክር ቤዝ ነው፤ ከእያንዳንዱ ወፍራም ክር ጎን በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ቀጭን ክር አለ። ለዚህ ነው ቤዙ ከሥር ብቻ የማይጎተተው፤ ከፊት ከፊት እየጮኸ ይሮጣል፣ ጊታሩንም ከላይ እንደፈለገው እንዲሆን ነፃ ይለቀዋል።

ፔጅም በነፃነቱ ተጠቀመበት። ይህን ዘፈን አንዱን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ፣ አንዱን አውልቄ እሰማዋለሁ፤ ግራውን ብቻ፣ ከዚያ ቀኙን ብቻ። አንዱ ጊታር ምቱን ይይዛል፤ ሌላው ከላይ ዜማ ይዘረጋል፤ ሦስተኛው የሁለተኛውን ዜማ ከፍ ባለ ድምፅ ይመልሳል፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ከወዴት እንደመጣ የማልለየው ሌላ ድምፅ ይነሳል። ቢሆንም ጭቃ አይሆንም። እያንዳንዱ የሚገባበት በር አለው፤ ሥራውን ሲጨርስ ይወጣል። ይህ የጊታር መደርደር አይደለም፣ ቅንብር ነው። የኦርኬስትራ አቀናባሪ ቫዮሊኑንና ጥሩምባውን በሚያስብበት መንገድ ያሰበ ሰው ሥራ ነው።

ሶሎው ላይ (ጊታሩ ብቻውን ከፊት በሚወጣበት ክፍል) ደግሞ ብዙ ጊታሪስት ጣቱን ለማሳየት በሚጣደፍበት ቦታ ፔጅ ይረጋጋል። ከሥሩ ያለው ምት እየጋለበ ነው፤ እሱ ከላይ ረጅም ኖታ ይይዝና እስኪበቃው ድረስ ያቆየዋል። ፍጥነቱን ለቦናም ትቶለታል። ቦናምም ምቱን ይዞ ከመሄድ አልፎ ከጊታሩ ጋር አብሮ የሚቆምባቸውና አብሮ የሚፈነዳባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሁለት ሰው በአንድ ልብ ካላሰበ እንዲህ አይገጥምም። ድራም የሚጫወት ጓደኛዬ ይህን ዘፈን ከመሞከሩ በፊት ክንዱን ሲያፍታታ አይቼዋለሁ።

ግጥሙን የጻፈው ፕላንት በዚያ ዓመት የዞረባቸውን አገሮች እያሰበ ነው፤ የሞሮኮ የአትላስ ተራሮች በስም ተጠርተዋል። አኪለስ ደግሞ በግሪኮች ተረት ጉዳቱ ተረከዙ ላይ የሆነው ጀግና ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ በጀሶ ታስሮ የሚዘፍን ሰው ይህን ስም ለምን እንደመረጠ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዘፈኑን በመጀመሪያ በመካከላቸው «የዊልቼሩ ዘፈን» ይሉት ነበር። ፕላንት ተቀምጦ ነው የዘፈነው። ስለ ባሕርና ስለ ተራራ፣ ስለ ረጅም መንገድ፣ ከወንበር ላይ ሆኖ። መጨረሻው አካባቢ ቃል ትቶ በድምፁ ብቻ ሲያዜም፣ ከሥሩ ያሉት ጊታሮች እሱ መሄድ ያልቻለበትን መንገድ የሚሄዱለት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ‹ፎር ዩር ላይፍ› ነው፤ ብዙ ጆሮ ያልሰማው ታላቅ ሥራ ያልኩት። ከመክፈቻው ግልቢያ በኋላ ባንዱ ድንገት እግሩን ይጎትታል። ሪፉ (እየተደጋገመ የሚመጣው የጊታር ሐረግ) ከባድ ነው፤ ክብደቱ የመጣው ግን ከሚሰማው ሳይሆን ከሚዘለው ነው። ጊታሩ አንድ ሐረግ ይልና ያቆማል፤ ቦናም ያንን ክፍተት ወዲያው አይሞላውም፤ ትንሽ ያስጠብቅሃል፤ ከዚያ ይመታል። አዝማች የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተሻገረ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ የሚያርፍበት ቤት የለውም። ግጥሙም እንዲሁ ነው፤ በሎስ አንጀለስ የሙዚቃ ሰዎች መካከል ተዛምቶ ስለነበረው የኮኬይን ሕይወት የተጻፈ መራር ግጥም። ያየውን የሚናገር፣ ከዚያ ገበታ የተነሳ ሰው ድምፅ አለው። ፔጅ በዚህ ዘፈን ከሚታወቅበት ሌስ ፖል ጊታር ወጥቶ ሰማያዊ ስትራቶካስተር ነው የያዘው፤ የጊታሩን እጀታ እየተጫነ ክሩን ሲያረግበው ድምፁ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። ለግጥሙ ከዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጥ የጊታር ድምፅ አላውቅም።

ከዚያ ‹ሮያል ኦርሊንስ› ይመጣል። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በኒው ኦርሊንስ ሆቴል ውስጥ ስለሆነ ነገር የሚቀልድ አጭር የፈንክ ሙከራ ነው። የአራቱም ስም በደራሲነት የሰፈረበት ብቸኛው የአልበሙ ዘፈን እሱ ነው፤ የቀሩት ስድስቱ ሁሉ የፔጅና የፕላንት ናቸው። በቀድሞ አልበሞች የጆንስና የቦናም ስም ምን ያህል ጊዜ ከእነሱ ጋር ይሰፍር እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ብዙ ይናገራል። ዘፈኑ ራሱ ግን ሳያስቸግር ያልፋል፤ እኔም ሳላስቸግረው አልፋለሁ።

ሸክላውን ስትገለብጠው የሚጀምረው ‹ኖባዲስ ፎልት በት ማይን› ነው። በመጀመሪያ የሚያሳዝነኝን ልናገር። ይህ ስምና የዘፈኑ መሠረት የመጣው ከዓይነ ስውሩ የቴክሳስ መንፈሳዊ ዘማሪ ከብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ነው፤ እሱ በ1927 አስቀርጾታል። የሌድ ዜፕሊን ሸክላ ላይ በደራሲነት የተጻፉት ፔጅና ፕላንት ብቻ ናቸው። ሙዚቃውን በጣም ለውጠውታል፣ እውነት ነው፤ ግጥሙንም አብዛኛውን ቀይረውታል። ቢሆንም የእርሱን ስም ከእነሱ ስም አጠገብ ማስፈር ምንም አያጎድልባቸውም ነበር። ጆንሰን በዚያች ጊታሩና በተሰነጠቀ ድምፁ ብቻውን የሠራውን ሰምቶ የማያውቅ ካለ፣ የእኔን ጽሑፍ ትቶ እሱን ሄዶ ይስማ።

ይህን ካልኩ በኋላ የእነሱም ሥራ የሚደነቅ ነው። ጊታሩ ብቻውን ይጀምራል፤ ያንኑ ሐረግ ሌላ ጊታር በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይከተለዋል፤ ፕላንት ያለ ቃል ዜማውን ከጊታሩ ጋር አብሮ ያንጎራጉራል። ከዚያ ዘፈኑ በሙሉ በመቆምና በመነሳት ላይ ይሠራል። ባንዱ ይቆማል፤ ፕላንት ብቻውን አንድ መሥመር ይላል፤ ሦስቱ እንደ አንድ ሰው ተመልሰው ይገባሉ። የሃርሞኒካ ሶሎው ደግሞ የፕላንት ነው፤ በአልበሙ ላይ ከድምፁ ውጪ መሣሪያ ይዞ የገባበት ቅጽበት ነው፤ በደንብ ነው የነፋውም። እንዴት እንደሚገጥሙ ለማየት ጓደኛዬና እኔ ይህን ዘፈን ደጋግመን ሞክረነዋል። ምስጢሩ ያለው ጊታሩ ላይ አይደለም፤ ቦናም በዝምታው ጊዜ ምቱን በውስጡ ይዞ የሚቆይበት እርግጠኝነት ላይ ነው።

እዚህ ድረስ፣ ‹ሮያል ኦርሊንስ›ን ይቅር ካልን፣ እንከን ብዙም የለም። ከዚህ በኋላ ግን አልበሙ ይዝላል።

‹ካንዲ ስቶር ሮክ› የ1950ዎቹን ሮክ ኤንድ ሮል የሚያስታውስ ነው። ፕላንት በዚያ ዘመን ዘፋኞች አነጋገር እየተቅለሰለሰ ይዘፍናል። ባንዱ ይህን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚወድ ማንም ያውቃል፤ መድረክ ላይ የኤልቪስን ዘፈኖች እየሰካኩ ሲጫወቱ ደስታቸው ይተላለፍ ነበር። እዚህ ግን አይተላለፍም። እንዲህ ያለ ዘፈን ወገብ ይፈልጋል፣ እግር ይፈልጋል፤ ዘፋኙ ተቀምጧል። ደስ ለመሰኘት የሚደረግ ጥረት ይሰማኛል፤ ደስታው ግን አይሰማኝም። በአሜሪካ በነጠላ ሸክላ አወጡት፤ የትኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። በአልበሙ ውስጥ አኮስቲክ ጊታር ትንሽ የሚሰማው እዚህ ዘፈን ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ምት ለመደገፍ ያህል። አራተኛውን አልበም፣ ሦስተኛውን አልበም አስቡ፤ የዚህን ባንድ ግማሽ ነፍስ የተሸከመው አኮስቲክ ጊታር ነበር። በ‹ፕረዘንስ› ላይ የለም ማለት ይቻላል።

‹ሆትስ ኦን ፎር ኖውዌር› ከእሱ ይሻላል። ሪፉ በ1972 ተቀርጾ ከተቀመጠና በኋላ በ1982 ‹ኮዳ› በተባለው የቀሩ ቅጂዎች አልበም ላይ ከወጣው ‹ዎልተርስ ዎክ› ጋር የሚዛመድ ነው፤ ያለውን መልሶ መጠቀም ለቸኮለ ባንድ ነውር አይደለም። ግጥሙ ውስጥ ፕላንት በቅርብ ወዳጆቹ ላይ ያለውን ቅሬታ ይናገራል፤ ብዙዎች በፔጅና በሥራ አስኪያጃቸው በፒተር ግራንት ላይ የተሰነዘረ ነው ይሉታል። እውነት ከሆነ የሚገርም ነው፦ ፔጅ በእሱ ላይ የተጻፈውን ቅሬታ በአልበሙ ካሉ ፈጣን ጊታሮች በአንዱ አጅቦታል። ችግሬ «ላ ላ ላ» እያለ የሚመለሰው አዝማች ነው። ምሬቱን ይበርዘዋል። ጣቶች ይሠራሉ፣ ድራሙ ይዘላል፣ ዘፈኑ ግን ሊያሳዝነኝ ነው ወይስ ሊያስጨፍረኝ እንደሚፈልግ ሳይወስን ያልቃል።

ትልቁ ቅሬታዬ መዝጊያው ላይ ነው። ‹ቲ ፎር ዋን› 9 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ከመክፈቻው ጋር ሲደመር ሁለቱ ብቻ ከ44 ደቂቃው አልበም ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይይዛሉ። ስለዚህ መዝጊያው መቆም ካልቻለ አልበሙ ሁሉ ይዘምማል። አጀማመሩ ልብ ይሰቅላል፦ ግማሽ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ፈጠን ያለ፣ ጠመዝመዝ ያለ ሪፍ ይመጣል፤ ከዚያ ይተዉታል፤ ሙዚቃው ወደ ቀርፋፋ የብሉዝ ሐዘን ይወርዳል። ፕላንት የጻፈው ኒው ዮርክ ሆቴል ውስጥ ከቤተሰቡ ርቆ ብቻውን ስለተቀመጠበት ጊዜ ነው፤ ደቂቃው አልገፋ ስላለው ሰው። ስሜቱ እውነት ነው፤ አልጠራጠረውም። ግን የሌድ ዜፕሊን አድማጭ ይህን ሙዚቃ ያውቀዋል። በ1970 በሦስተኛው አልበም ላይ ‹ሲንስ አይቭ ቢን ላቪንግ ዩ›ን ሠርተዋል፤ ያው የሲ ማይነር ቅኝት፣ ያው ቀርፋፋ አካሄድ፣ ያው ድምፃዊና ጊታር ተራ በተራ የሚያለቅሱበት።

ልዩነቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን አከታትዬ አዳመጥኳቸው። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት የፕላንትን ድምፅ ነበር፤ በ1970 ከጣሪያ በላይ ይወጣ የነበረው ድምፅ እዚህ ወደ ውስጥ ተሰብስቧል። ያ ግን ለዚህ ግጥም ይስማማዋል። ዋናው ልዩነት ኦርጋን ነው። በ1970ው ዘፈን ጆንስ ሃሞንድ ኦርጋን ይጫወታል፤ ከጊታሩና ከድምፁ ሥር የሚነጠፍ፣ አኮርዱ በተቀያየረ ቁጥር ልብን የሚገፋ ነገር አለ። ‹ቲ ፎር ዋን› ላይ ያ የለም። አልበሙ በሙሉ ኪቦርድ የለውም። ፔጅ ብቻውን በጊታር ሊሞላው ይሞክራል፤ ሶሎው በክፍል በክፍል ሲታይ ያምራል፤ ግን ከሥሩ ወለል የለም፤ ስለዚህ 9 ደቂቃ ተኩሉ 9 ደቂቃ ተኩል ሆኖ ይሰማል። መክፈቻው 10 ደቂቃ መሆኑን እረሳለሁ፤ የመዝጊያውን አልረሳም።

በ2015 ፔጅ አልበሞቹን እንደገና አጥርቶ ሲያወጣ ከ‹ፕረዘንስ› ጋር ቀርተው የነበሩ ቅጂዎችንም ጨመረ። ከእነሱ መካከል ‹10 ሪብስ ኤንድ ኦል/ካሮት ፖድ ፖድ› የሚል እንግዳ ስም የተሰጠው፣ ግጥም የሌለው፣ ወደ 7 ደቂቃ የሚጠጋ ሙዚቃ አለ። የሚጀምረው በፒያኖ ነው። ጆንስ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ሐዘን ባለበት ዜማ። ኋላ ጊታሩና ድራሙ ይደርሱበታል። መጀመሪያ ስሰማው ለረጅም ጊዜ ከቦታዬ አልተነሳሁም። ለ40 ዓመት ያህል ጆንስ ከዚህ አልበም የራቀ መስሎን ኖረናል፤ እሱ ግን ሙኒክ ውስጥ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ነበር።

አልበሙ ውስጥ ቢገባስ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። በ‹ካንዲ ስቶር ሮክ› ቦታ አስገብቼ፣ ቅደም ተከተሉን እየቀያየርኩ አዳምጫለሁ። አልበሙ ይለሰልሳል፣ ይተነፍሳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰውም ይቀላል። ግን ለማስወጣት የወሰነው ፔጅ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ፒያኖው ከገባ በኋላ ‹ፎር ዩር ላይፍ› ያ ደረቅ አስፈሪነቱ ይቀንሳል፤ ጆሮ ማረፊያ እንዳለ ስላወቀ ይጠብቃል። ያለ ማረፊያ የሚሄድ አልበም ነው። ማስወጣት ካለባቸው ‹ካንዲ ስቶር ሮክ›ን ነበር፤ ምንም ሳይተኩበት፤ 40 ደቂቃ ለአንድ ሸክላ በቂ ነው።

ስለ ሽፋኑ ጥቂት። ሂፕኖሲስ የተባለው የንድፍ ቡድን ከጆርጅ ሃርዲ ጋር ሆኖ ነው የሠራው፦ የ1950ዎቹን መጽሔት የሚመስሉ ፎቶዎች፣ ቤተሰብ ገበታ ላይ፣ ተማሪ ክፍል ውስጥ፣ በሁሉም መሃል አንድ ጠመዝማዛ ጥቁር ነገር ቆሟል። ሰዎቹ ሁሉ እንደ ተለመደ ዕቃ ነው የሚያዩት። ዙሪያው ፈገግታ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር አይፈግግም። ከሙዚቃው ጋር ከዚህ በላይ የሚገጥም ሽፋን አልነበራቸውም።

አልበሙ በማርች 1976 መጨረሻ ወጣ፤ በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ከዚያ ግን ቶሎ ቀዘቀዘ። ፕላንት መቆም ስላልቻለ አልበሙን ይዘው ሊዞሩ አልቻሉም፤ መድረክ ላይ የወጡት በኤፕሪል 1977 ነው። በዚያው በ1976 መጸው ደግሞ የኮንሰርት ፊልማቸው ከነአልበሙ ወጥቶ የሰውን ዓይን ወሰደ። በአሜሪካ እስካሁን የተመሰከረለት ሽያጭ 3 ሚሊዮን ቅጂ ነው፤ አራተኛው አልበማቸው ከ20 ሚሊዮን በላይ መሆኑን ስታስቡ ልዩነቱ ይገባችኋል። ቀጣዩን አልበም በ1978 መጨረሻ ስቶክሆልም ሲቀርጹ የሚመራው ሰው ተቀይሮ ነበር፤ ኪቦርዱ ከፊት መጣ፤ ጆንስና ፕላንት መሪውን ያዙ። በሴፕቴምበር 1980 ቦናም ሞተ፤ ባንዱም በዚያው ቆመ። በ1976 መንገዱ መሃል ላይ ያሉ መስሏቸው ነበር፤ የቀራቸው ግን አንድ የስቱዲዮ አልበም ብቻ ነበር።

ከአልበሙ መድረክ ላይ ሥር የሰደዱት ሁለት ናቸው፤ መክፈቻውና ‹ኖባዲስ ፎልት በት ማይን›። ‹ፎር ዩር ላይፍ›ን ባንዱ በሕይወት ሳለ አንድም ጊዜ ለሕዝብ አልተጫወተውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት ዲሴምበር 10 ቀን 2007 ለንደን፣ ኦ2 አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ድራሙ ላይ የቦናም ልጅ ጄሰን ነበር። ያንን ቅጂ በተመለከተ ከድራመሩ ጓደኛዬ ጋር አንስማማም። እሱ የ2007ቱ ይበልጣል ይላል፤ ጄሰን የአባቱን ክፍተቶች አክብሮ፣ የራሱን ክብደት ጨምሮበታል ይለኛል። ስለ ድራሙ እውነት አለው። እኔ ግን የ1975ቱን ነው የምይዘው። በ2007 ፕላንት 59 ዓመቱ ነው፤ በእግሩ ቆሟል፤ ያን የሎስ አንጀለስ ሕይወት ከሩቅ ሆኖ በበሰለ ድምፅ ይተርከዋል፤ እያንዳንዱ መሥመር በቦታው ነው። በ1975ቱ ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ምቱ ሲቀያየር ድምፁ ሊሰበር ይደርሳል፤ ፔጅም ያንን መሥመር እንደገና ሳያስቀዳው እንዳለ ትቶታል።